ደብዳቤውን የጻፈው ሰው የት አለ? ለቤዝቦል የዝና አዳራሽ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ብሔራዊ የቤዝቦል የዝና አዳራሽና ሙዚየም የቦርድ አባላት፣ ኩፐርስታውን፣ ኒው ዮርክ

ለ፦ በአሜሪካ የቤዝቦል ጸሐፍት ማኅበር ለሚሰየመው የዕጩዎች አጣሪ ኮሚቴ

ግልባጭ፦ ቤዝቦል ለምትወዱ አማርኛ አንባቢዎች ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከርት ፍለድን በ2027 የዕጩዎች ዝርዝር ስለማስገባት

ክቡራንና ክቡራት፣

በአዳራሻችሁ ግድግዳ ላይ የቦዊ ኩን የነሐስ ምስል ተሰቅሏል። የማርቪን ሚለርም ተሰቅሏል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ የዲክ አለን ተጨምሯል። የመጀመሪያው የቤዝቦል ኮሚሽነር፣ ማለትም የሊጉ የበላይ ኃላፊ፣ ሳለ አንድ ደብዳቤ ደርሶት ጥያቄውን ያልተቀበለ ሰው ነው። ሁለተኛው ደብዳቤው ሲጻፍ ከጸሐፊው ጎን የቆመ ነው። ሦስተኛው ጸሐፊው ሊለወጥበት የነበረው ተጫዋች ነው። ያለ ፈቃዴ ወደ ሌላ ቡድን አልለወጥም ብሎ ደብዳቤውን የጻፈው ተጫዋች ከርት ፍለድ ግን እናንተ ዘንድ የለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ፤ ዛሬም የለም።

የምጽፍላችሁ ከዋሽንግተን ነው። ፍለድ በሕይወቱ የመጨረሻዎቹን 13 የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ጨዋታዎች የተጫወተው በ1971 የዚህን ከተማ ቡድን ማልያ ለብሶ ነው። በአማርኛ የምጽፈው ደግሞ ይህ ሰው የተነሳበት ጉዳይ ወገኖቼ በደንብ የሚያውቁት ጉዳይ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በየዓመቱ ጥር ላይ የጸሐፍቱ ድምፅ ሲቆጠር ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለው ሙግት ይጦፋል። ባሪ ቦንድስ 762 ሆም ራን (ኳሱን ከአጥሩ ማዶ የሚያሻግር ምት) መትቶ እንዴት ውጭ ይቀራል የሚል አለ። በመድኃኒት ጉልበት የተገኘ ቁጥር ቁጥር አይባልም የሚልም አለ። ሙግቱን እወደዋለሁ፤ የጨዋታው ታሪክ እንዳይረሳ የሚያደርገው እሱ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ሁሉ በቁጥርና በቅሌት ዙሪያ ስለሚሽከረከር፣ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ አፍ የሚያስከፍት ያልሆነ፣ ቅሌትም የሌለበት ሰው ስሙን የሚያነሳለት ያጣል። ፍለድ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በጸሐፍቱ ድምፅ ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል። እሱ ስሙ እስከ 1996 ድረስ ሲቀርብ ሩቡን እንኳ አግኝቶ አያውቅም።

እንግዲህ በመጀመሪያ እንደ ተጫዋች ብቻ እንመዝነው። ከ1958 እስከ 1969 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስን መሃል ሜዳ የጠበቀው እሱ ነው። በጠቅላላው 1,861 ሂት (ኳስ መትቶ በሰላም ቤዝ መድረስ) አለው፤ የመምታት አማካዩ፣ ማለትም ከሙከራዎቹ ሂት የሆኑት ድርሻ፣ 0.293 ነው፤ በስድስት የውድድር ዓመታት ከ0.300 በላይ መትቷል። በ1964 211 ሂት መትቶ ከሁለቱ ሊጎች በአንዱ፣ በናሽናል ሊግ፣ አንደኝነቱን ከሮቤርቶ ክሌሜንቴ ጋር ተጋራ። ቡድኑ በ1964 እና በ1967 የዓመቱን የዋንጫ ፍልሚያ፣ ወርልድ ሲሪስን፣ ሲያሸንፍ መሃል ሜዳ ላይ የነበረው እሱ ነው።

ትልቁ ችሎታው ግን ኳስ መያዝ ላይ ነበር። የ1966ን ውድድር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ስህተት ሳይሠራ ጨረሰ፤ ያለ ስህተት የተጫወታቸው ተከታታይ ጨዋታዎች 226 ደረሱ። በመከላከል ለላቁ የሚሰጠውን ጎልድ ግላቭ ከ1963 እስከ 1969 ሰባት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ይህን ሽልማት ከውጪው ሜዳ ተጫዋቾች በየሊጉ የሚያገኙት ሦስት ብቻ ናቸው። ከ1963 እስከ 1968 ባሉት ስድስት ዓመታት በናሽናል ሊግ ሦስቱን የተካፈሉት ያው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዊሊ ሜይስ፣ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ፣ ከርት ፍለድ። ክሌሜንቴን በ1973፣ ሜይስን በ1979 ተቀብላችኋል።

የሚነቀፍበትንም ላንሳ። በ1968 ወርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ ከዲትሮይት ጋር ያለ ጎል እኩል ሆነው ሳለ፣ ጂም ኖርትረፕ የመታት ኳስ ወዴት እንደምትወርድ አሳስታው በላዩ አለፈች፤ ሁለት ሰዎች ገቡ፤ ዋንጫው ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ራሱ ተቀበለ። አንድ ኳስ የሰባት ዓመት ሥራ አይሽርም።

ሂቱ ያነሰው ደግሞ ስለደከመ አይደለም። በ1969 መጨረሻ ዕድሜው ገና 31 ነበር፤ 1,854 ሂት ነበረው። በዓመት 150 ብቻ እየመታ አራት ዓመት ቢቀጥል 2,400ን ያልፍ ነበር። እነዚያን ዓመታት ማን ወሰዳቸው? ለጦርነት ዘምተው ዓመታት ያጡ ተጫዋቾችን ስትመዝኑ የጠፋውን ጊዜ በልባችሁ ታስባላችሁ፤ ማሰባችሁም ተገቢ ነው። ሳንዲ ኮፋክስ በክንዱ ሕመም ምክንያት በ30 ዓመቱ ሲያቆም፣ አጭር ነው ብላችሁ አልተዋችሁትም። የፍለድን ዓመታት የወሰደው ጦርነትም ሕመምም አይደለም፤ እምቢታው ነው።

እምቢታው እንዴት እንደበቀለ መናገር አለብኝ፤ አንድ ቀን ድንገት የመጣ አይደለምና። ፍለድ በ1938 ሂውስተን ተወለደ፤ ያደገው ኦክላንድ ነው። በ1956 ከሲንሲናቲ ሬድስ ጋር ፈርሞ ለልምምድ ታምፓ ሲደርስ፣ ቡድኑ ካረፈበት ሆቴል በጎን በር አውጥተው ጥቁሮች ወደሚያድሩበት ቤት ላኩት። ዕድሜው 18 ነበር። በደቡብ በሚገኙ ትናንሽ ሊጎች ሲጫወት፣ ከጨዋታ በኋላ የወለቀውን ማልያውን ከነጮቹ ማልያ ጋር እንዳይነካካ በረጅም እንጨት እያነሱ ለብቻው ያስቀምጡት እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ምግብ ቤት አብሯቸው አይገባም፤ አውቶቡሱ ሲቆም መጸዳጃ ቤት አይፈቀድለትም። እሱ ግን እየመታ፣ እየሮጠ፣ እያሸነፈ ወደ ላይ ወጣ። በ1962 የሜጀር ሊግን የዘር አጥር ከሰበረው ከጃኪ ሮቢንሰን ጋር ሚሲሲፒ ጃክሰን ድረስ ሄዶ በጥቁሮች የመብት ስብሰባ ላይ ቆመ። በ1964፣ ወርልድ ሲሪስ ባሸነፈበት መኸር፣ ካሊፎርኒያ አላሞ ውስጥ ቤት ሲከራይ ባለቤቱ ተከራዩ ጥቁር መሆኑን አውቆ በመሣሪያ አስፈራራው፤ ፍለድ ወደ ቤቱ የገባው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ሕግ ፊት ቆሞ መብቱን መጠየቅን በ1970 አልጀመረውም።

በኦክቶበር 1969 ማለዳ ላይ ስልክ ተደወለለት። ደዋዩ የቡድኑ ባለቤት አልነበረም፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም አልነበረም። መካከለኛ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። ለፊላዴልፊያ ፊሊስ ተለውጠሃል አለው። በልውውጡ ካርዲናልስ የሚያገኙት ዋናው ሰው ዲክ አለን ነበር። 12 ዓመት ያገለገለበት ቤት በአንድ ስልክ አሰናበተው።

ቤዝቦልን ለማይከታተል ወገኔ የዚያን ጊዜውን ሕግ ላስረዳ። ሪዘርቭ ክሎዝ የሚባል አንቀጽ በእያንዳንዱ ተጫዋች ውል ውስጥ ነበረ፤ ሥሩ እስከ 1879 ይደርሳል። ውሉ ሲያልቅ ቡድኑ ለአንድ ዓመት ማደስ ይችላል ይላል። ቡድኖቹ በታደሰው ውል ውስጥም ያው አንቀጽ አለ ብለው በየዓመቱ ያድሱታል። እናም ተጫዋቹ በ18 ዓመቱ አንዴ ከፈረመ እስኪያረጅ ድረስ የዚያው ቡድን ነው። ሊሸጡት፣ ሊለውጡት፣ ሊያሰናብቱት ይችላሉ። እሱ ግን ከሌላ ቡድን ጋር መነጋገር አይችልም። ካልተስማማው ሥራውን ትቶ ቤቱ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ነው አማርኛ አንባቢ ቆም ብሎ የሚያስበው። በመካከለኛው ምሥራቅ የቤት ሠራተኛ ሆነው የሄዱ እኅቶቻችን ያሉበትን የከፋላ አሠራር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሠራተኛዋ በአሠሪዋ ስም ታስራለች፤ ያለ እሱ ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ መሄድ አትችልም፤ ብትወጣ ጠፍታለች ተብላ ትፈለጋለች። ፓስፖርቷን የተነጠቀች፣ ደመወዟን የተከለከለች እኅት ሥቃይ ከአንድ ስመ ጥር ስፖርተኛ ችግር ጋር ይወዳደራል አልልም፤ አይወዳደርም። የሕጉ አጥንት ግን አንድ ነው። ሠርቶ አዳሪው ሰው መሆኑ ቀርቶ የአሠሪው ይዞታ ይሆናል። ፍለድ የነካው ይህንን አጥንት ነው። ለዚህም ነው የሱ ታሪክ ከአሜሪካ ስታዲየሞች አልፎ ለኛም የሚገባን።

በዓመት 90,000 ዶላር እየተከፈለው ምን ያማርራል ያሉት ብዙ ነበሩ። በጊዜው እጅግ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ፊላዴልፊያ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊከፍለው ዝግጁ ነበረ። በጃንዋሪ 1970 ጋዜጠኛው ሃዋርድ ኮሴል ይህንኑ በቴሌቪዥን ጠየቀው። ፍለድ፣ ጥሩ የሚከፈለው ባሪያም ያው ባሪያ ነው ሲል መለሰ። ንግግሩ ብዙ ሰው አስቆጣ። ባሪያ የሚለውን ቃል ባለ 90,000 ዶላር ሰው አፍ ላይ መስማት አልወደዱም። እሱ ግን ስለ ገንዘቡ መጠን እየተናገረ አልነበረም፤ ለማንና የት እንደሚሠራ መምረጥ ስለመቻል ነበር።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ፍለድ መጀመሪያ የሄደው የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ወደነበረው ወደ ማርቪን ሚለር ነው። ሚለር አላባበለውም። የመርታት ዕድልህ ትንሽ ነው፤ ብትረታ እንኳ ለአንተ አይደርስህም፤ የመጫወት ዘመንህ ያበቃል፤ አሠልጣኝ ወይም ኃላፊ አድርጎ የሚቀጥርህም አይኖርም አለው። ፍለድ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከኔ በኋላ ለሚመጡት ይጠቅማል? ሚለር አዎ አለው። ይበቃኛል አለ።

በዲሴምበር 1969 የየቡድኑ ተወካዮች ሳን ሁዋን፣ ፖርቶ ሪኮ ላይ ተሰብስበው አፋጠጡት። ይህን የምታደርገው በጥቁርነትህ ነው ወይስ እንደ ተጫዋች? የሚል ጥያቄም ቀረበለት። በመጨረሻ 25 ለ0 በሆነ ድምፅ ሊደግፉት ተስማሙ። ፍለድም በዲሴምበር 24 ቀን 1969 ለኮሚሽነር ቦዊ ኩን ጻፈ። በሜጀር ሊግ ከ12 ዓመት በኋላ፣ ፈቃዴ ሳይጠየቅ የምገዛና የምሸጥ ንብረት ነኝ ብዬ አላምንም አለ። ኩን በመልሱ ንብረት አለመሆኑንስ እስማማለሁ፤ ከውሉ ጋር ግን ምን እንደሚያገናኘው አይታየኝም አለ። ደብዳቤው ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል። ጸሐፊውን ግን የጨዋታው ቤት አላስገባውም።

ክሱ በጃንዋሪ 1970 ኒው ዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። በግንቦት ወር ችሎቱ ሲሰማ ጃኪ ሮቢንሰን መጥቶ መሰከረ። በስኳር በሽታ ዓይኑ ደክሞ፣ ፀጉሩ ነጥቶ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ። የቀድሞው ኮከብ ተጫዋች ሃንክ ግሪንበርግም መጣ። በዚያን ጊዜ እየተጫወተ የነበረ ግን አንድም ሰው አልመጣም። አብረውት ዋንጫ ያነሱት፣ አብረውት በአውቶቡስ የተጓዙት አልመጡም። ፈርተው ነው፤ በነሱ አልፈርድም፤ ደመወዛቸው በነዚያው ባለቤቶች እጅ ነበረ። የፈሩት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ግን እሱ ብቻውን የተሸከመውን ሸክም ይናገራል።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የቀድሞው የፍርድ ቤቱ ዳኛ አርተር ጎልድበርግ ጠበቃው ሆነው ተከራከሩ። በጁን 19 ቀን 1972 ፍርድ ቤቱ 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። ውሳኔውን የጻፉት ሃሪ ብላክመን ናቸው። ከ1922 ጀምሮ ቤዝቦል በክፍላተ ሀገር መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም ተብሎ ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ነፃ ተደርጎ ኖሯል። ብላክመን ይህ አሠራር እንግዳና ከሌላው ስፖርት የተለየ መሆኑን አምነው፣ ማስተካከል ግን የምክር ቤቱ ሥራ ነው አሉ። ስህተት መሆኑን እያወቁ ስህተቱን አጸኑት። ተርጉድ ማርሻል፣ ዊሊያም ዳግላስና ዊሊያም ብሬናን ተቃወሙ።

ፍለድ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አልነበረም። የ1970ን ውድድር ሙሉውን ሳይጫወት ቀረ። በ1971 በዋሽንግተን ሴናተርስ ሞክሮ በ35 ሙከራ 7 ሂት ብቻ መታ፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ኳስ ያልነካ፣ በጋዜጣው ሁሉ የሚብጠለጠል ሰው ነበር። በኤፕሪል መጨረሻ ጥሎ ሄደ። ማዮርካ ደሴት ላይ ኖረ፤ መጠጥ በረታበት፤ ገንዘቡ አለቀ። ሚለር ያስጠነቀቀው ሁሉ አንድ በአንድ ደረሰ። በጃንዋሪ 1997፣ በ59 ዓመቱ፣ በጉሮሮ ካንሰር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞተ።

ተቃዋሚዎቹ ተሸንፏል እኮ ይላሉ። ሪዘርቭ ክሎዝን የሰበረው ፍለድ ሳይሆን በዲሴምበር 1975 ለተጫዋቾቹ ለአንዲ ሜሰርስሚዝና ለዴቭ ማክናሊ ነፃ ናችሁ ብሎ የፈረደው የግልግል ዳኛ ፒተር ሳይትዝ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ሰንሰለቱ የተቆረጠው በዚያ ቀን ነው። ግን ማኅበሩ የፍርድ ቤቱ መንገድ ዝግ መሆኑን አውቆ ወደ ግልግሉ ጠረጴዛ ያመራው ከፍለድ ክስ በኋላ ነው። ሕዝቡም ራሳቸው ተጫዋቾቹም ያ አንቀጽ ምን እንደሚል በወጉ ያወቁት በሱ ክስ ነው። በ1973 በተደረገው ስምምነት፣ አሥር ዓመት የተጫወተና የመጨረሻውን አምስት ዓመት በአንድ ቡድን ያሳለፈ ተጫዋች ያለ ፈቃዱ እንዳይለወጥ ተደነገገ፤ ይህ ድንጋጌ እስከ ዛሬ በፍለድ ስም ይጠራል። በ1998 ፕሬዝዳንት ክሊንተን የፈረሙት፣ የሜጀር ሊግ ተጫዋቾችን በፀረ ሞኖፖል ሕጉ ጥላ ሥር ያስገባው ሕግም በስሙ የወጣ ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት በሕግ ስሙን ጠራ፤ ካርዲናልስም በ2015 በራሳቸው የዝና አዳራሽ ተቀበሉት። በ2020 ከመቶ በላይ የምክር ቤት አባላት ይግባ ብለው ጻፉላችሁ። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ።

ሌላው መከራከሪያ፣ ተጫዋች ሆኖ ሲመዘን ትንሽ ያንሳል፤ የአስተዳደር ሰው ደግሞ አይደለም፤ በየትኛው በር እናስገባው? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ራሳችሁ መልሳችሁታል። በክ ኦኒል በ2006 በአንድ ድምፅ ሲወድቅ ያው ችግር ነበረ፦ ጥሩ ተጫዋች፣ ጥሩ አሠልጣኝ፣ ምልመላ ላይ የታወቀ፣ የጥቁሮች ሊግ ታሪክ እንዳይረሳ ዕድሜውን የሰጠ፤ በአንዱ ሳጥን ብቻ ግን የማይሞላ። በዚያው ዓመት እሱ ሳይመረጥ ለተመረጡት 17 ሰዎች ንግግር አድርጎ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አረፈ። በዲሴምበር 2021 ግን ሙሉ ሰውነቱን መዝናችሁ አስገባችሁት። ያንን ሚዛን ለፍለድም አውጡት። ሰባት ጎልድ ግላቩን በአንድ እጅ፣ ደብዳቤውን በሌላ እጅ አትመዝኑ፤ አንድ ሰው ነው የሠራቸው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር እመጣለሁ። ከ1980 በፊት የነበሩትን የሚመለከተው የክላሲክ ዘመን ኮሚቴ የሚቀመጠው በዲሴምበር 2027 ነው። ዝርዝሩ ስምንት ስም ብቻ ይይዛል። መራጮቹ 16 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ቢበዛ ሦስት ስም ይመርጣሉ፤ ለመግባት 12 ድምፅ ያስፈልጋል። ድምፁ ሁሉ ተደምሮ 48 ነውና ከአራት ሰው በላይ ሊገባ አይችልም። ባለፈው ዙር፣ በዲሴምበር 2024፣ ዴቭ ፓርከርና ዲክ አለን ገብተዋል። አለን ሁለት ጊዜ በአንድ አንድ ድምፅ ወድቆ፣ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ ነው የተሳካለት። በዚያ ዝርዝር ላይ የፍለድ ስም ጨርሶ አልነበረም። የተለወጠበት ሰው ቀረበና ገባ፤ አልለወጥም ያለው ለውይይት እንኳ አልቀረበም።

በ2027 ደግሞ ቦታው ይጠባል። ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ በሜይ 2025 ዕገዳ በሞት ያበቃል ብለው ስለወሰኑ፣ ለዘለቄታው ታግደው የሞቱት ፒት ሮዝና ጆ ጃክሰን ለመታጨት ብቁ ሆነዋል። ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፖለቲከኛው ሁሉ ስለ ሮዝ እንደሚጮህ ካሁኑ ይታያል። 4,256 ሂት ያለው ሰው ነው፤ በቁጥር ማንም አይደርስበትም። በራሱ ቡድን ጨዋታዎች ላይ መወራረዱ በ1989 አሳገደው። ይግባ አይግባ በሚለው ላይ እዚህ አልፈርድም። እንድታስቡልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በ1969 ከፍለድና ከክሌሜንቴ ጋር ጎልድ ግላቭ የወሰደው ሦስተኛው ሰው ፒት ሮዝ ነበር። በ1978 መጨረሻ ሮዝ ነፃ ተጫዋች ሆኖ፣ የሚሄድበትን ቡድን ራሱ መርጦ፣ ለአራት ዓመት ወደ 3.2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ፈረመ። የፈረመው ከፊላዴልፊያ ፊሊስ ጋር ነው። ፍለድ ተገድጄ አልሄድም ያለበት ቡድን ሮዝ በፈቃዱ የሄደበት ሆነ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የዘጠኝ ዓመት ጊዜና የአንድ ሰው እምቢታ ነው። የዋሽንግተን ሰው ሁሉ ልጅነቱን ያየለት ሁዋን ሶቶም በዲሴምበር 2024 ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር 765 ሚሊዮን ዶላር ሲፈራረም የሄደው በዚያው መንገድ ነው። በነዚያ ስምንት ቦታዎች ለሮዝ ስፍራ ተገኝቶ ለፍለድ ከጠፋ፣ ሙዚየማችሁ የጨዋታውን ታሪክ ሳይሆን የሰሞኑን ወሬ እየመዘገበ ነው ማለት ነው።

ሌላም ሕግ አውጥታችኋል፦ ከ16ቱ ቢያንስ አምስት ድምፅ ያላገኘ ሰው በሚቀጥለው ዙር አይቀርብም። ስለዚህ ፍለድን ለስሙ ያህል ከዝርዝሩ ግርጌ ማስቀመጥ ውለታ አይሆንም። ከቀረበ በወጉ ይቅረብ፤ ለመራጮቹ የሚሰጠው ማስረጃ የመምታት አማካዩን ብቻ ሳይሆን ደብዳቤውን፣ የችሎቱን ቃል፣ የ1973ን ስምምነት ይያዝ። ከመራጮቹ መካከልም በ1970ዎቹ የተጫወቱና ያ አንቀጽ በራሳቸው ውል ላይ የነበረባቸው ሰዎች ይቀመጡ። ምን እንደነበረ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

በአሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼ፦ ልጆቻችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤዝቦል ሜዳ የምትወስዱ፣ እናንተም ቀስ በቀስ ጨዋታውን የለመዳችሁ፣ ለአዳራሹ ጻፉ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን። ስደተኛ በሰው አገር ስፖርት ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ የዚህ አዳራሽ በር ለጎብኚ ሁሉ ክፍት ነው፤ ታሪኩም የሚጎበኘው ሰው ሁሉ ነው።

ለአጣሪ ኮሚቴው ጥያቄዬ ይኸው ነው። በ2027 ዝርዝር ላይ ከርት ፍለድን አስገቡ። የማታስገቡት ከሆነ ደግሞ ምክንያታችሁን በጽሑፍ አውጥታችሁ ለሕዝብ አሳውቁ። ኩን እንኳ ለፍለድ ደብዳቤ በስድስተኛው ቀን መልስ ሰጥቷል።

ከአክብሮት ጋር፣

በዋሽንግተን ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ የቤዝቦል ተመልካች